ወደ ቂብላ ያዘነበለው እንጨት፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ስንጽፍ የተማርነው አማና

 

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችንም የገሱባ ልጆች ነን፤ ቁርኣንን የቀራነው በአንድ መስጂድ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ገብተን የተመደብነው አንድ ላይ ፊዚክስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንንም በጋራ ሠራን። ዛሬ የምንነግራችሁ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያጠፋነውን ጥፋትና ከጥፋቱ የወጣንበትን መንገድ ነው። ታናናሾቻችን ነገ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ማፈሩን ትተን መናገሩን መረጥን።

ርዕሳችን ቀላል ነበር። በገሱባ መሬት ላይ በቀን ምን ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል? በኦፋ ወረዳ ገጠሮች ስንት ቤት በሶላር መብራት እንደሚያድር፣ ስንት ስልክ በሶላር ቻርጅ እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። የፀሐይ ጨረር መለኪያ መሣሪያ ግን ውድ ስለሆነ በየከተማው አይገኝም። ሳይንቲስቶች ለዚህ መላ አላቸው፤ ፀሐይ በቀን ስንት ሰዓት በግልጽ እንደወጣች ካወቅን የጨረሩን መጠን መገመት እንችላለን። ቀመሩ የአንግስትሮምና ፕሬስኮት ቀመር ይባላል። በአካባቢው የተለካ ነገር ከሌለ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት 0.25 እና 0.50 የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች እንድንጠቀም ይመክራል። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ በደመና ከተሸፈነ ከከባቢ አየር ጫፍ ላይ ካለው ጨረር ሩብ ያህሉ መሬት ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሆነ ደግሞ ሦስት አራተኛው።

ለዚህ ስሌት መጀመሪያ የሚያስፈልገው የከተማይቱ ኬክሮስ ነው፤ ማለትም ከምድር ወገብ በስንት ዲግሪ ርቃ እንደምትገኝ። የቀኑ ርዝመት የሚወጣው ከእሱ ነው። ስልካችን ለገሱባ የሰጠን 6.7 ዲግሪ ሰሜን ነው። በዚህ ቁጥር ስናሰላ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ23 ደቂቃ፣ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ሆነ። የመግሪብ ሰዓታችን እንደ ሩቅ ሰሜን አገሮች ብዙ የማይዋዥቀው ለዚህ ነው፤ ሱብሓነላህ።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

የመጀመሪያው ጥፋት ከሌሎች ጥናቶች የምንጠቅስበት ምዕራፍ ላይ ነበር። እንግሊዝኛ አስቸገረን። ቤት ውስጥ ወላይትኛ፣ ከተማ ላይ አማርኛ፣ መስጂድ ዐረብኛ፤ እንግሊዝኛውን የምናውቀው ለፈተና መልስ ለመስጠት እንጂ አንድን ሐሳብ ገጽ ሙሉ ለማብራራት አልነበረም። ስለዚህ ሦስት አራት ጥናቶች አወረድን፣ ከዚህም ከዚያም ቆርጠን ለጠፍን፣ አንዳንድ ቃል ቀየርን፣ ሃያ ገጽ ሞላን። ደስ አለን። ኮፒ ፔስቱን ሁሉም ያደርገዋል ተባባልን።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው። አማካሪያችን «ከስልክ የወሰዳችሁትን ኬክሮስ በራሳችሁ ልኬት አረጋግጡት» ብለውን ነበር። ዘዴውን እኛ ሙስሊሞች እናውቀዋለን፤ የዙህርን መግቢያ የምንለይበት የእንጨት ጥላ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ትተክላለህ፣ ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ትለካለህ። ከእንጨቱና ከጥላው ርዝመት የፀሐይዋ ማዕዘን ይወጣል፤ በዚያ ቀን ፀሐይ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ደቡብ እንደወረደች ከሠንጠረዥ አይተህ ትቀንሳለህ፤ የሚቀረው የከተማህ ኬክሮስ ነው።

ታኅሣሥ 9 ቀን ከግቢ ወጥተን በሶዶ በኩል ገሱባ ገባን። ከመስጂዱ ግቢ ውስጥ ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር የሆነ እንጨት ተከልን። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ገሱባ ደግሞ ከዚያ በስተምዕራብ ስለሆነች፣ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን 6 ሰዓት ከ28 ገደማ ነው። ከ6 ከ15 ጀምረን በየአምስት ደቂቃው ለካን። አጭሩ ጥላ 60.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ደብተራችን ላይ ጻፍነው፤ ዙህርን ሰግደን ወደ ግቢ ተመለስን።

ማታ ዶርም ውስጥ አሰላነው፤ 7.8 ዲግሪ መጣ። አንድ ዲግሪ ምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናም ገሱባን ነቅለን ከሆሳዕና ወዲያ ወስደን ተከልናት ማለት ነው! መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። የማስረከቢያው ቀን ቀርቧል፤ ለትራንስፖርት የያዝነው ብር አልቋል። ከመካከላችን አንዱ ስሌቱን ከኋላ ወደ ፊት ሠራው፦ መልሱ 6.7 እንዲመጣ ጥላው ስንት መሆን ነበረበት? 58.0። ላፕቶፑ ላይ 60.5ን አጥፍቶ 58.0 ብሎ ጻፈ። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ሦስታችንም እያየን ዝም ብለናልና የሦስታችንም እጅ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ አማካሪያችን ጠሩን። ረቂቁን አንብበውታል። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡልን። ዓረፍተ ነገሯ በክረምት የሚከመረው በረዶ ተንሸራትቶ እንዲወርድ የሶላር ሰሌዳው ዘንበል ብሎ መገጠም አለበት ትላለች። «ገሱባ ላይ ጣሪያ የሚሸፍን በረዶ የተከመረው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አሉን። መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን።

ቀጥለው ወደ ቀመሩ አለፉ። ቀመሩን ስንጽፍ «አንግስትሮም፣ 1924» ብለን ጠቅሰን ነበር። «ይህን ጽሑፍ አንብባችሁታል?» አሉ። አላነበብንም፤ ካወረድነው ጥናት የሪፈረንስ ዝርዝር ላይ ነው የገለበጥነው። የዚያን ቀን ያስረዱንን አንረሳውም። አንግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው ቀመር ጨረሩን የሚያነጻጽረው ሰማዩ ፍጹም ጥርት ባለበት ቀን ከሚገኘው ጨረር ጋር ነው። ከከባቢ አየር ጫፍ ላይ ካለው ጨረር ጋር እንዲነጻጸር አድርጎ ያሻሻለው ፕሬስኮት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940። እኛ የተጠቀምነው የፕሬስኮትን መልክ ሆኖ ሳለ ለአንግስትሮም ሰጠነው። ሰውየው ያላለውን አለ አልን። እኛ የገለበጥንበት ጥናት ተሳስቶ ነበር፤ እኛም ስህተቱን ተቀብለን፣ ያቀበለንን ሰው ደብቀን፣ ከምንጩ የጠጣን አስመሰልን።

ስንወጣ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ነገ የለካችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ኑ።»

ያቺ ሌሊት ከበደችን። ደብተሩ 60.5 ይላል፣ ጽሑፉ 58.0 ይላል። አንዱ «ሌላ ደብተር ገዝተን በንጹሕ እንገልብጠው» አለ። እስክሪብቶ እስከ ማንሳት ደርሰን ነበር። ከዚያ ሌላው አንድ ነገር አስታወሰን፤ ልጆች ሆነን ኡስታዛችን ስለ ሐዲስ ዘጋቢዎች ያስተማሩንን።

የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ንግግር ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ሰማኸው?» ብለው ነው። እሱስ ከማን? ያኛውስ? ይህ ሰንሰለት ኢስናድ ይባላል። ቃላቸውም የተመዘነ ነበር። በቀጥታ የሰማ ሰው «ሐደሠና» ይላል፣ ነገረን ማለት ነው፤ ወይም «ሰሚዕቱ»፣ ሰማሁ ማለት ነው። «ዐን» የሚለው ቃል ግን «ከእገሌ» ብቻ ስለሆነ በመሃል ሌላ ሰው ሊደበቅበት ይችላል። አንድ ዘጋቢ ካገኘው ሼኽ በቀጥታ ያልሰማውን በዚህ በላላ ቃል ሸፍኖ የሰማ ካስመሰለ ድርጊቱ ተድሊስ፣ ሰውየውም ሙደሊስ ይባላል። በሐዲስ ላይ ሆን ብሎ የዋሸ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ዘገባው ይጣላል።

ታዲያ እኛ በ«አንግስትሮም፣ 1924» ላይ የሠራነው ምንድን ነው? ተድሊስ። በ58.0 ላይ የሠራነውስ? ለእሱ ስም መፈለግም አሳፈረን። ሐዲስ ከፊዚክስ ጋር እኩል ነው ማለታችን አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ነገር ግን ያላየነውን አየን፣ ያልሰማነውን ሰማን እንዳንል በዲናችን የተማርን ልጆች፣ የዶርም በር ስንዘጋ ትምህርቱን ውጭ ትተነው ገባን። አላህ ግን ውስጥም ያያል።

ጠዋት አሮጌውን ደብተር ይዘን ሄድን። ሁሉንም ነገርናቸው። አማካሪያችን 60.5 የሚለውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ይህ ቁጥር የሆነ ነገር ሊነግራችሁ ፈልጎ ነበር፤ አፉን ዘጋችሁት» አሉን። ከዚያም «ፀሐይ በዚህ ሰሞን ከቦታዋ ብዙ አትንቀሳቀስም፤ ሳይረፍድ ሂዱና ምን እንደሚል ስሙት» ብለው ላኩን።

ታኅሣሥ 16 ቀን ገሱባ ነበርን። ትተነው የሄድነው እንጨት እዚያው ቆሟል። በመስጂዱ ግቢ ውስጥ አንድ ግንበኛ የዉዱእ ማድረጊያውን ግድግዳ ይሠራ ነበር። ዙሪያውን ስንዞር አይቶ ቀረበ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንጨታችንን ተመለከተና ሳቀ። «ልጆች፣ እንጨታችሁ እኮ ወደ ቂብላ ሩኩዕ ወርዷል!» አለን። ከገሱባ መካ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው የምትገኘው። ቱንቢውን አምጥቶ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ አንጠለጠለ። ክሩ የወረደው ከእንጨቱ ሥር ሳይሆን 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ርቆ ነው። በታኅሣሥ የቀትር ጥላ የሚወድቀውም ወደ ሰሜን ነው። እንጨቱ ያዘነበለውን ያህል ጥላው ረዝሟል ማለት ነው።

ከ60.5 ላይ 2.5 ስትቀንሱ ስንት ይመጣል? 58.0።

ተያየን። የዋሸነው ቁጥር ትክክል ሆኖ ቁጭ አለ! አንዱ ከእኛ «አያችሁ፣ ልክ ነበርን» አለ። ኡስታዛችን ከጀርባችን ሆነው ይሰሙን ኖሯል፤ ጠጋ ብለው ነገሩን ከሥሩ አስነገሩን። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ትርጉሙ ያማረ፣ እውነትም የሆነ ንግግር አለ፤ ሰው ሰንሰለት ፈጥሮለት ነቢዩ ብለዋል ካለ ግን መውዱዕ ነው። ንግግሩ መልካም መሆኑ ፈጣሪውን ከውሸት አያድነውም። እናንተም 58ን ለክታችሁ አላገኛችሁትም።»

ይህ አባባል ነው የመመረቂያ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ያስተማረን። በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ መልሱ ብቻውን አይቆምም፤ አንባቢው መልሱ ላይ የደረስንበትን መንገድ እየተከተለ ራሱ እንዲደርስበት ነው የሚጻፈው። የእኛ 58.0 መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ 60.5ን በቅናሽ አላስተካከልነውም። በመሃል ሳምንት አልፏል፤ ልጆች እንጨቱን ነክተውት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ቀን ምን ያህል እንዳዘነበለ አናውቅም። ስለዚህ እንጨቱን በቱንቢ አቀናንተን አራት ቀን በተከታታይ ለካን። 58.1፣ 58.9፣ 58.3 እና 58.3 አገኘን። አማካዩ 58.4 ነው። የየቀኑን የፀሐይ ዝቅታ እየቀነስን ስናሰላ ካልኩሌተሩ ከነጥብ በኋላ ስምንት አሃዝ ደረደረልን። ያንን ሁሉ መጻፍ ግን ራሱ ሌላ ውሸት ነው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት፤ ስለዚህ የጥላው ጫፍ ስለታም አይደለም፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ በሆነ ብዥታ ይጨርሳል። ያንን ቆጥረን የጻፍነው 6.9 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.3 ዲግሪ ነው። የስልኩ 6.7 በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ገሱባ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ አልሐምዱሊላህ።

ያቺ «ሲደመር ወይም ሲቀነስ» የምትለው ምልክት ለእኛ አዲስ ትርጉም አላት። ዑለሞቻችን ፈትዋቸውን «ወላሁ አዕለም» ብለው ሲዘጉ እንሰማለን። የድካም ቃል አይደለችም፤ እውቀታቸው የት ላይ እንደሚቆም ያሳዩበታል። ሳይንቲስትም የልኬቱን ወሰን ሲጽፍ እዚህ ድረስ አውቃለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም ማለቱ ነው።

ይህ ጉዳይ ለሙስሊም እንግዳ አለመሆኑን ኋላ ላይ ስናነብ ነው የተረዳነው። አል ቢሩኒ ከሺህ ዓመት በፊት ስለ ጥላዎች ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። የከተሞችን አቀማመጥ ስለመለካት በጻፈው ሌላ መጽሐፉም አንዱ ዓላማው የጋዝናን ከተማ ቂብላ በትክክል ማግኘት ነበር። ኢብኑል ሀይሠም በሰባት ክፍል ከጻፈው ኪታቡል መናዚር ሌላ፣ ታላቁን የጥንት ሊቅ በጥሊሞስን የሚሞግት መጽሐፍ አለው። የትልቅ ሰው ስም ስለተጠራ ብቻ ነገሩን አልተቀበለም። እኛ በነሱ ስም እንኮራለን፤ ኩራቱ ግን ኮፒ ፔስት ሲያደርግ ለተያዘ ተማሪ ምንም አይጠቅመውም።

የተቀረውን ጊዜ ጽሑፉን እንደገና በመጻፍ አሳለፍን። ለታናናሾቻችን የሚጠቅመውን ያህል እንናገር።

ጥናቱን አንብቡና ዝጉት። ከዚያ የተረዳችሁትን በአማርኛም ይሁን በወላይትኛ ለጓደኛችሁ አስረዱት። ማስረዳት ካቃታችሁ አልገባችሁም፤ ተመልሳችሁ አንብቡ። ካስረዳችሁት በኋላ በእንግሊዝኛ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የእኛ እንግሊዝኛ እስከ መጨረሻው አላማረም፤ ግን የእኛ ሆነ፤ በረዶም አልዘነበበት።

ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። ዋናውን ማግኘት ካልቻላችሁ «እገሌ እንደጠቀሰው» ብላችሁ ያቀበላችሁን ሰው ስም ግለጡት። ቃላችሁን መዝኑ፤ ለካን፣ አሰላን፣ ገመትን፣ እገሌ ዘግቧል የሚሉት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ መጀመሪያ ረቂቃችን ላይ «አረጋግጠናል» የሚል ቃል በየገጹ ነበር፤ በመጨረሻው ላይ አንድም አልቀረም።

መጀመሪያ የሠራችሁትን ጻፉ፣ ቀጥሎ ያገኛችሁትን፣ ከዚያ ትርጉሙን። ከፊት የሚቀመጠውን አጭር ማጠቃለያ መጨረሻ ላይ ጻፉት፤ ያልተሠራ ሥራ አይጠቃለልም። ደብተራችሁን ደግሞ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ያዙ። ስትሳሳቱ አንድ መስመር ብቻ ሰርዙበት፣ ስህተቱ ይነበብ።

60.5 የት ገባ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ጽሑፋችን ውስጥ አለ። እንጨቱ አዘንብሎ እንደነበር፣ በቱንቢ እንደተገኘ፣ ልኬቱ ለምን እንደተጣለ የሚናገር አንድ አንቀጽ ጻፍን። አንቀጹን እንድናወጣው ጓደኞቻችን መክረውን ነበር፤ ድክመታችሁን ለምን ታሳያላችሁ ብለው። ጽሑፉን ባቀረብንበት ቀን ፈታኞቹ ብዙ የጠየቁን ስለዚያች አንቀጽ ነው። የመለስነው ያለ ፍርሃት ነው፤ ሁሉንም በዓይናችን ያየነው ነበርና።

የግንበኛውን ስም በምስጋናው ገጽ ላይ አስፈቅደን ጻፍን። ጽሑፉን ወስደን ስናሳየው ስሙን በጣቱ ተከትሎ አነበበና «ቱንቢውንስ አልጻፋችሁትም?» አለን። ጽፈነዋል፤ ከገጹ ገልጠን አሳየነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በየግቢው የምትደክሙ ልጆቻችን፣ ኢልም አማና ነው። ማንም በማያይበት ሌሊት፣ አንድ ቁጥር ለመቀየር አንድ ጣት ብቻ በሚበቃበት ሰዓት፣ አማናው እዚያ ላይ ነው የሚፈተነው። አላህ ያለፈውን ይማረን፣ የሚጠቅም እውቀት ይስጠን፣ ያወቅነውንም በቅንነት የምናደርስ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።